የጋላቢዎች ደመወዝ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ! ይህን ሳወራ አሁንም ልቤ ይዘልላል፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ የሚያባርረኝ ኖሮ አይደለም። በእኛ ከተማ ልቡ የማይዘልል ሰው ደመወዝ አያገኝም ነበርና ሁላችንም ከመኝታችን ተነስተን እስክንተኛ ስንዘልል ነበር የምንውለው። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ትልቅ ወንዝ፣ ከዳር ዳር በተወጠረ ገመድ የሚጎተት ጀልባና ሰፊ አደባባይ አላት። የቀረው ቤትና አጥር ነው።

ሕጉ የወጣው እኔ ሳልወለድ ነው። አንድ የድሮ ሹም፣ ጀልባ ጎታቾች ሥራ ጨርሰው ሲመለሱ የአንዱን እጅ ለሰላምታ ይይዛል። የሰውዬው የደም ሥር የእጁ አንጓ ላይ ዱብ ዱብ ይላል። እዚያው አጠገብ ዛፍ ሥር የተጋደመ ሌላ ሰው ነበረና የእሱንም እጅ ያዝ ቢያደርግ ቀስ፣ ቀስ። "አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ አሉ። የሠራ ሰው ልቡ ይሮጣል፤ ያልሠራ ሰው ልቡ ይተኛል። በቃ! ከዚያ ወዲህ ማን ምን ሠራ እያሉ መዞር ቀረ። የደመወዝ ቀን ሕዝቡ አደባባይ ይሰለፋል፤ የትርታ ሹሙ የእያንዳንዱን አንጓ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ጮክ ብሎ ይፈርዳል። "ጋላቢ!" የተባለ በጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል። "ሶምሶማ!" የተባለ ኪሱን ሞልቶ ይሄዳል። "እግረኛ!" የተባለ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እግረኝነት ያበዛ ደግሞ ከሥራው ይባረራል።

ከተማችን በደመወዝ ቀን እንዴት ደስ ትል እንደነበር ባያችሁ! ገና ጎህ ሲቀድ ባልና ሚስት በቀጠሮ ይጣላሉ። "ዛሬ በእናትህ በኩል ልምጣብህ ወይስ በእህትህ?" ብላ አስቀድማ የምትጠይቅ ጨዋ ሚስት ነበረች። ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ጥለው ዳገት ይሮጣሉ። ከአደባባዩ በታች የመርዶ ተራ የሚባል ገበያ ነበረን፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ዘርግተው ክፉ ወሬ ይሸጡበታል።

"ና የኔ ወንድም፣ ትኩስ መርዶ አለኝ! የአጎትህ ነው!"

"አጎት የለኝም።"

"እንግዲያው በሬህን ላድርግልህ!"

ሰውዬው ከፍሎ ይሰማል፤ በሬው ቤቱ ታስሮ እንደሚያመሰኳ እያወቀ ክው ይላል፤ ክው እንዳለ ወደ ሰልፉ ይሮጣል። አንዳንዱ መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል። እሱን አንስተን "ምን ዓይነት ልብ ነበረው!" እያልን በክብር እንቀብራለን።

እኔ ዳምጤ አስደንጋጭ ነኝ። ሙያዬ ነው። የደመወዝ ቀን የቀጠረኝን ሰው ሳያስበው ከኋላው ደርሼ እጮህበታለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ጊዜው አለ፣ ድምፁ አለ፣ እግር አጣጣሉ አለ። እኔ የጮህኩበት ሰው ቆሌው ተገፎ፣ ምላሱ ደርቆ፣ ሹሙ ፊት ሲደርስ ልቡ አፉ ውስጥ ነው። ስንቱን ከእግረኛነት አውጥቼ ጋላቢ አድርጌዋለሁ።

አንድ ሰው ግን ስሜን አጠፋው። ጥላዬ ይባላል፤ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ፣ የጀልባ ጎታች ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው። ሌሎቹ ጎታቾች ልባቸው እንዲሮጥ ገመዱን ትተው ወንዙ ዳር ላይ ታች ሲሉ፣ ጀልባውን በእውነት የሚጎትተው እሱ ብቻ ነበር። እያንጎራጎረ ሳብ፣ ረገብ፣ ሳብ፣ ረገብ ያደርገዋል፤ ገበያተኛው ከነዶሮው ተሻግሮ ይወርዳል። ሰውነቱ ሥራውን ስለለመደው ልቡ ንቅንቅ አይልም። ሹሙ አንጓውን ይዞ ብዙ ቆይቶ "ይሄ ሰውዬ በሕይወት አለ?" ብሎ ሕዝቡን ያስቅበትና "እግረኛ!" ይለዋል። ጥላዬም አብሮ ስቆ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ።

አንድ ቀን ሚስቱ ውባለም ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"ጋሽ ዳምጤ፣ ሊያባርሩት ነው። አሁንስ እግረኝነቱ በዛ ብለውታል። እባክዎ አንድ ጊዜ በደንብ ያስደንግጡልኝ።"

"ለኔ ተይው!" አልኳት። እንዴት ያለ ጉጉት እንደያዘኝ!

በማግስቱ በር ጀርባ ተደብቄ ሲወጣ ጠብቄ ጮህኩበት። አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነስተው በረሩ። ጥላዬ ዞር ብሎ "ጋሽ ዳምጤ፣ እንዴት አደሩ? ጉሮሮዎ ተሻለዎት?" አለኝ። ሌላ ቀን እያለከለክኩ ደርሼ "ቤትህ ተቃጠለ!" አልኩት። "ሰው ውስጥ አለ?" አለኝ። "የለም።" "እንግዲያው እንሠራዋለን" ብሎ ገመዱን መሳብ ቀጠለ። በመጨረሻ ከጣራ ላይ ዘልዬ ፊቱ ወደቅሁ። እግሬ ወለም አለኝና እሱው አሽቶ፣ አዝሎ ቤቴ አገባኝ። ልቡን ጀርባው ላይ ሆኜ አዳመጥኩት። ቀስ፣ ቀስ። እንዲያው በንዴት ልፈነዳ ነበር!

የመጨረሻ ዕድሉ የተባለው የደመወዝ ቀን ደረሰ። ጥላዬ ሰልፉ ላይ ቆሟል፤ የትርታ ሹሙ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው ነው። ድንገት ውባለም ነጠላዋን እየጎተተች፣ ሰውን በክርኗ እየገፋች ከተፍ አለች። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባታል።

"ጥልዬ! ጥልዬ! አርግዣለሁ! አዋላጇ አሁን ነገረችኝ!"

እነዚህ ሰዎች ልጅ ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ተስፋ ቆርጦባቸው ነበር። የጥላዬ አፍ ተከፈተ። ሹሙ አንጓውን እንደያዘ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ጋ... ጋላቢ! ኧረ ይሄስ ይበርራል!"

አደባባዩ በእልልታ ተናጋ! እኔም ቂሜን ረስቼ ዘለልኩ። ጥላዬ ጆንያውን በአንድ ትከሻ፣ ሚስቱን በሌላው ተሸክሞ ቤቱ ገባ። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ፣ አዲስ አልጋ ገባ፣ ውባለም ቅቤ እንደ ልቧ ሆነላት። ሰፈሩም ፊቷ ሲወዛ፣ ጉንጯ ሲሞላ አየ። ገንዘብ ደግ ነገር ነው፤ አልዋሽም፤ እኔም እወደዋለሁ።

ከተማው ደግሞ ደስታ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚል ክርክር ታመሰ። አማካሪዎች ተሰብስበው ሕጉን ገላለጡት፤ ስለ ደስታ አንድም ቃል አልተገኘበትም። ስለዚህ ተፈቀደ። በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ? ወንድማማቾች ተለያይተው ከርመው አደባባይ ላይ "ተገናኘን!" እያሉ ይተቃቀፋሉ። ያገቡት ተፋትተው እንደገና ይጋባሉ። አንዱ ጎረምሳ እናቱን ደብቆ ሲያበቃ ፈልጎ አገኛት። ዳሩ የተለማመዱት ደስታ ልብ አያስሮጥም፤ ሹሙ አብዛኞቹን "እግረኛ!" አላቸውና ገበያው ወደ እኔና ወደ መርዶ ተራ ተመለሰ።

ጥላዬስ? እሱ ያኔ ሰው አላስፈለገውም። ቆርቆሮውን ቀና ብሎ ያያል፤ የሚስቱን ሆድ ያያል፤ "ይህ ሁሉ ቢቀርብኝስ?" ይላል። በቃ ይህችው ናት። ይህች ሐሳብ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ልቡ ያለ አስደንጋጭ፣ ያለ መርዶ፣ ሲበላም ሲቀመጥም መጋለብ ጀመረ። ደመወዝ በደረሰ ቁጥር "ጋላቢ!" ይባላል። ጆንያው ባደገ ቁጥር የሚቀርበትም ነገር እያደገ ሄደ፤ ልቡም በዚያው ልክ። እንደ ሌሎቹ ገመዱን ትቶ ወንዙ ዳር ይሮጥ ጀመር። ጀልባው ጭቃ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ገበያተኛው ከማዶ ሆኖ "ኧረ አሻግሩን!" እያለ ሲጣራ ጎታቾቹ "ሥራ ላይ ነን!" እያሉ ያልፉታል።

ጥላዬ ከሳ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጉርሻው ከአፉ ይወድቃል፣ ሳቁ የት እንደገባ አይታወቅም። እንዴት አደርክ ሲሉት ይበረግጋል፤ ላስደነግጠው ያልቻልኩት ሰው! እኔ ባለሙያው እንዲህ ባስደነገጠችው ሐሳብ ቀናሁ ብል ይሻላል። ውባለም እየጎተተች ሐኪም ቤት ስትወስደው አብሬ ሄድኩ። የእኛ ሐኪም እሱም ደመወዙ በትርታ ነውና እየጮኸ ነው የሚመረምረው። ጆሮውን ጥላዬ ደረት ላይ ለጥፎ አዳመጠና ብድግ አለ።

"እንኳን ደስ ያለህ! በጣም ታመሃል!"

"ምን አሉ?" አለች ውባለም።

"እንዲህ ያለ ልብ በዘመኔ አልሰማሁም! በዚህ ከቀጠለ ክረምቱን አይወጣም! ሽልማት ሳይሰጡት አይቀሩም!" ብሎ ጨብጦት ተሰናበተን። ሌላ የታዘዘ መድኃኒት አልነበረም።

ሴት ልጅ ተወለደች! ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ድረስ የወረደ፣ ድምፅዋ የእኔን የሚያስንቅ። ሰፈሩ በደስታ ሰከረ። እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አገር ልጅ ስም የሚወጣለት በአባቱ ደረት ላይ ተኝቶ በራሱ ጊዜ ሲነቃ ነው። አባት ደረቱ ላይ ያስተኛዋል፤ ሲነቃ ሰው በተሰበሰበበት ስሙን ይናገራል። የተኛውን ልጅ መቀስቀስ ነውር ነው፤ ሹምም ቢሆን አይደፍረውም። በአባቱ ደረት ላይ ያልተኛ ልጅ ስም የለውም።

ጥላዬ ልጁን ደረቱ ላይ አስተኛት። ወዲያው እሪ አለች! አነሷት፤ ዝም አለች። መለሷት፤ እሪ! የዚያ ልብ ድብደባ ጆሮዋ ሥር ነው፤ እንዴት ትተኛ? በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። የውባለም እናት በየቀኑ እየመጡ "የልጅ ልጄ ማን ተባለች?" ይላሉ። "ገና ነው እማዬ" ትላቸዋለች።

ነገሩ ለጥላዬ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከተማችን ስም የሌላቸው ልጆች ሞልተዋታል። ጋላቢ አባት የበዛበት ሰፈር ላይ "አንተ!" ብላችሁ ብትጣሩ የልጅ መንጋ ዞር ይላል። ትዳር የያዙ "አንቺዎች" ነበሩ። ለምደነው ማንንም አይገርምም ነበር፤ እኔንም አልገረመኝም፤ የውባለምን ድምፅ በግድግዳው በኩል እስክሰማ ድረስ።

"ጥላዬ፣ ቆርቆሮው ይቅርብኝ። ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። አንተ ብትሞት ልጄን ማን ብዬ ነው የምጠራት? 'አንቺ' እያልኩ ላሳድጋት?"

"ብባረርስ? ምን ልታበያት ነው?"

"እሱን አብረን እናያለን። አባት ግን ከየትም ላመጣላት አልችልም፤ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።"

ጆሮዬን ከግድግዳው አነሳሁ። ሆዴ ባባ፤ አልደብቃችሁም።

ታላቁ የደመወዝ ቀን ተቃረበ፤ የከተማው አንደኛ ጋላቢ የሚሸለምበት ነው። የጀልባው አለቃ እኔን አስጠራኝ። ሠራተኛው ሲሸለም አለቃውም ስለሚሾም እሱ ራሱ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል።

"ዳምጤ! ጥላዬ ካሸነፈ የአደባባዩ አስደንጋጭ አድርጌ አስቀጥርሃለሁ! ዕድሜ ልክህን! ሹሙ አንጓውን እንደያዘ ከኋላው ሆነህ ያለህን ድምፅ ሁሉ አውጣው!"

"እንዲያ ሆኖ የታመመ ልብ ላይ ብጮህበት..."

"ከተሸለመ በኋላ ይታከማል!"

የአደባባይ አስደንጋጭ! የሙያዬ ጫፍ ነው። እሺ አልኩ። እንዴት እሺ አልልም?

በዕለቱ ከማለዳ ጀምሬ ጥላዬን ከሩቅ ተከተልኩት፤ አስደንጋጭ ሰውዬውን ማጥናት አለበት። ከተማው በሙሉ ወደ አደባባይ ሲሮጥ እሱ ሚስቱን አስከትሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ቁጥቋጦ ሥር ገባሁ። ጀልባውን ከጭቃው ለማውጣት ሁለቱ ሲታገሉ ልወጣና ላግዛቸው ምንም አልቀረኝ! ውባለም ልጅቷን በነጠላ ደረቱ ላይ አሰረችለት። ልጅቷ እሪታዋን ለቀቀችው። ጥላዬ ገመዱን ያዘ።

መጀመሪያ ገመዱ አመለጠው። እንደገና ያዘው። ሳብ። ረገብ። ጀልባው ንቅንቅ አለ። ልጅቷ ትጮሃለች፣ ውባለም ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። መሃል ወንዝ ሲደርሱ ማንጎራጎሩን ሰማሁት። ተሻገሩ፤ ማዶ ሲጣራ የከረመው ገበያተኛ "መጡ! መጡ!" እያለ እየተጋፋ ተሳፈረ። ሲመለሱ የልጅቷ ድምፅ አይሰማም። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና መጡ። ገበያተኛው ሁሉ ሲወርድ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ ነበር። አየሁና ፀጉሬ ቆመ! ተኝታለች!

ስም ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚወጣው፤ ሰው ያለው አደባባይ ነው። ጥላዬ ቀስ እያለ ዳገቱን ወጣ። እኔም በአቋራጭ ሮጬ ቀደምኩት።

አደባባዩ ላይ ጉድ ፈልቷል! ሰው ይዘልላል፣ ይሰዳደባል፣ ጣሳ ይደበድባል። ጥላዬ ከነልጁ ሲገባ መጀመሪያ ያዩት የመርዶ ተራ ሴቶች ናቸው። አንዷ የጀመረችውን መርዶ አቋርጣ ዝም አለች። ከሷ አጠገብ ያለው ዝም አለ። ዝምታው ረድፍ በረድፍ ሄዶ የመጨረሻው ጣሳ ደብዳቢ ጋ ሲደርስ እሱም እጁን አየር ላይ አቆመ። በአባቱ ደረት ላይ የተኛ ሕፃን ካየን ስንት ጊዜያችን! ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

ጥላዬ ሹሙ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሹሙ ልጅቷን አየ፣ አንጓውን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። የጀልባው አለቃ ከዳር ሆኖ በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በሁለት እጁ "ጩህ!" ይለኛል። ከጥላዬ ጀርባ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነኝ። አየር ሳብኩ። ደረቴን ሞላሁ። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ያለ ጩኸት ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ አያውቅም፤ ከተማውን ገለባብጦ የሚጥል ነበር! የልጅቷ ጥቁር ፀጉር በአባቷ ክንድ ሥር ብቅ ብሎ ይታየኛል። አፌን ከፈትኩ።

ዘጋሁት። አየሩን በአፍንጫዬ ቀስ አድርጌ አወጣሁት።

ሹሙ ብዙ ቆየ። ዓይኑን ሲገልጥ እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ነበር የፈረደው።

"እግረኛ።"

"አውቃለሁ" አለ ጥላዬ፣ እሱም በሹክሹክታ።

"ተባርረሃል።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ሹሙ አንጓውን አልለቀቀም። ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነው። የጀልባው አለቃ ከሩቅ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ ይንፈራፈራል፤ መጮህ ግን አልቻለም፤ ነውር ነው።

ያኔ ልጅቷ ተንጠራራች። ዓይኗን ገልጣ አባቷን አየችው። ጥላዬ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ፤ እንባው በአፍንጫው ላይ ይወርዳል፣ ሳቁ ተመልሷል።

"ይመኙሻል ብያታለሁ" አለ።

"ይመኙሻል!" አለች ውባለም። "ይመኙሻል!" አለ ሕዝቡ ሁሉ፤ እኔም ያን የዋጥኩትን ጩኸት በስሟ አወጣሁት!

እልልታው ጋብ ሲል ሹሙ የጥላዬን እጅ እንደያዘ መሆኑን አየሁ። ወደ ጆሮው ተጠግቶ የተናገረውን ከኋላ ስለቆምኩ ሰማሁት።

"የኔዋ ልጅ በእግሯ መሮጥ ጀምራለች" አለው። "እስካሁን አንቺ ነው የምንላት። ደረቴ ላይ ለመተኛት ጊዜው አልፎባታል ወይስ... ነገ ጀልባው ይሄዳል?"

"ይሄዳል" አለው ጥላዬ። "በማለዳ ይዘሃት ና። ገመዱን ግን አንተው ነህ የምትስበው።"